የኮይል መለኪያ ከመግዛታችን በፊት



የመመረቂያ ፕሮጀክት ወቅት ሲደርስ በኤሌክትሪካል ተማሪዎች ዘንድ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «በአቅማችን የሚገኝ የኢንዳክታንስ መለኪያ የቱ ነው?» ለፀሐይ ኃይል ቻርጀር ወይም ለሬዲዮ የምንፈልገውን ኮይል አብዛኛውን ጊዜ ከተበላሸ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ፈትተን እናወጣለን፤ ላዩ ላይ ግን ቁጥር የለውም። ተራው መልቲሜትር ደግሞ ሄንሪ አይለካም። በኦም ብንለካው የሚነግረን ሽቦው አለመበጠሱን ነው እንጂ የኮይሉን ኢንዳክታንስ አይደለም።

መለኪያውን የምንገዛበት ገንዘብ ከቤተሰብ የተላከ ወይም ከቡድን የተዋጣ ነው፤ አማና ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችን በፊት ራሳችንን ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ ኮይላችን ስንት ሄንሪ ገደማ ነው? በስንት ሄርዝስ ይሠራል? ገበያ ላይ ያሉት ርካሽ መለኪያዎች በሦስት ይከፈላሉ፤ የሚለያዩትም በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

አንደኛው ትራንዚስተር፣ ሬዚስተርና ካፓሲተር ጭምር የሚለየው ትንሹ የዕቃ መፈተሻ (ትራንዚስተር ቴስተር) ነው። ዋጋው ከሁሉም ይቀላል። ኢንዳክታንስ የሚለካው ግን ከ0.01 ሚሊ ሄንሪ ጀምሮ ነው። 18 ማይክሮ ሄንሪ የሆነውንም 22 የሆነውንም «0.02 ሚሊ ሄንሪ» ብሎ ያሳያል። ለትልልቅ ኮይሎች ግምት ይበቃል፤ ለትንንሾቹ አይሆንም።

ሁለተኛው ኤልሲ ሜትር ነው። ኮይላችንን ከራሱ ካፓሲተር ጋር አገናኝቶ ያወዛውዝና ከፍሪኩዌንሲው ተነስቶ ያሰላል። ለሬዲዮ ኮይሎችና ለጥቂት ማይክሮ ሄንሪዎች ጥሩ ነው። የመለኪያ ፍሪኩዌንሲውን ግን እኛ አንመርጥም። በ50 ሄርዝ የሚሠራ ባለ ብረት ኮር ትራንስፎርመር ወይም ቾክ ላይ የሚያሳየው ቁጥር አያስተማምንም።

ሦስተኛው የእጅ ኤልሲአር ሜትር ነው። ፍሪኩዌንሲ ያስመርጣል፤ ለምሳሌ ዲኢ-5000 የተባለው ከ100 ሄርዝ እስከ 100 ኪሎ ሄርዝ አምስት ምርጫ አለው። የኮይሉን ጥራትና ብክነትም ያሳያል። ዋጋው ከሁለቱ ይበልጣል። የዚህ ዓይነቶቹ አንዳንዶቹ ከ1 ወይም ከ10 ኪሎ ሄርዝ አያልፉም፤ የቻርጀር ኮይል ግን የሚሠራው በአሥሮችና በመቶዎች ኪሎ ሄርዝ ስለሆነ ይህን ሳናነብ አንክፈል።

የምንለካው አንድና ሁለት ኮይል ብቻ ከሆነስ? ያኔ መግዛትም አያስፈልግም። ላቦራቶሪ ውስጥ ሲግናል ጄኔሬተርና ኦሲሎስኮፕ ካለ፣ ኮይሉን ዋጋው ከሚታወቅ ካፓሲተር ጋር ጎን ለጎን (ፓራለል) እናገናኝ፤ ከጄኔሬተሩ በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ሲግናል እንስጠው፤ ፍሪኩዌንሲውን እየቀየርን ኦሲሎስኮፑ ላይ ቮልቴጁ ከፍ የሚልበትን ቦታ እንፈልግ። በ10 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር ከፍታው 159 ኪሎ ሄርዝ ላይ ከተገኘ ኮይሉ 100 ማይክሮ ሄንሪ ነው። ቀመሩ ሁላችንም የተማርነው የሬዞናንስ ቀመር ነው።

ለመግዛት ከወሰንን ግን ሱቁ ላይ ሳለን እንፈትነው። ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቡናማ ቀለበት ያለው ትንሽ ኢንዳክተር 100 ማይክሮ ሄንሪ ነው፤ የመጨረሻው ቀለበት ብርማ ከሆነ ከ90 እስከ 110 ቢያሳይ ትክክል ነው። ሌላም ዘዴ አለ፦ አንድ የፌራይት ቀለበት ላይ 10 ዙር ጠምጥመን እንለካ፤ ከዚያ 20 እናድርገው። ዙሩ እጥፍ ሲሆን ኢንዳክታንሱ አራት እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። ካልሆነ መለኪያውን እንመልስ።

አጠቃቀሙ ላይም ሦስት ነገር አንርሳ። ገመዶቹ ራሳቸው ኢንዳክታንስ አላቸው፤ በ10 ሴንቲ ሜትር ሽቦ 0.1 ማይክሮ ሄንሪ ያህል። ስለዚህ ጫፎቹን አገናኝተን መጀመሪያ ዜሮ እናድርገው። ኮይሉን ከሰርኪዩቱ ሳንነቅል አንለካ፤ የተሞላ ካፓሲተር መለኪያውን ያቃጥላል። ደግሞም እነዚህ መሣሪያዎች የሚያሳልፉት ከረንት ጥቂት ስለሆነ፣ ኮይሉ ብዙ አምፒር ሲያልፍበት ኮሩ መጥገቡን ውዱም አይነግረንም፤ እሱን በሚሠራበት ከረንት መፈተን ያስፈልጋል።

ምክራችን ይህ ነው፦ ለሬዲዮና ለትንንሽ ኮይሎች ኤልሲ ሜትር ይበቃል። ቻርጀርና ትራንስፎርመር ለሚሠሩ ግን አራት አምስት ቡድን ሆነው 100 ኪሎ ሄርዝ የሚደርስ አንድ ኤልሲአር ሜትር ቢገዙ፣ እያንዳንዱ ርካሹን ከሚገዛ ይሻላል። ማን እንደወሰደው በደብተር ይመዝገብ፤ ስንመረቅም ለታናናሾቻችን እንተወው፤ ኢንሻአላህ ሰደቀቱል ጃሪያ ይሆንልናል።

በመጨረሻም፣ ሱረቱል ሙጠፊፊን የተሰየመችው መስፈሪያና ሚዛን በሚያጎድሉ ሰዎች ነው። መስፈሪያ የነጋዴ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሪፖርታችን ላይ «100 ማይክሮ ሄንሪ» ብለን ስንጽፍ ምስክርነት እየሰጠን ነው። በምን መሣሪያና በስንት ሄርዝ እንደለካን አብረን እንጻፍ፤ ያልለካነውን ቁጥር ከጓደኛ ሪፖርት አንገልብጥ። ነገ የምንሠራው ቻርጀር የሚገባው ሰው ቤት ነው።

አላህ እውቀታችንን ጠቃሚ ያድርግልን። ወቢላሂ ተውፊቅ።