ተጨማሪ መረጃ፦ ማርትሬዛን በኢንተርኔት ሲገዙ

በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን መገበያያ የነበረው የማሪያ ቴሬዛ ብር (ማርትሬዛ) ዛሬ በኢንተርኔት ለሰብሳቢዎች ይሸጣል። ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞቱ በኋላ የታተመውም ያንኑ ዓመት ይዟል፤ በቪየና የሚገኘው የሳንቲም ማተሚያ አሁንም ያትመዋል። ስለዚህ «የ1780 ጥንታዊ ብር» የሚለው ማስታወቂያ ስለ ዕድሜው ምንም አያረጋግጥም፤ ብዙ ገዢ የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። አስመስሎ የተሠራውን ለመለየት ክብደቱ ይረዳል፦ እውነተኛው 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 83.3 በመቶው ንጹሕ ብር ነው፤ ማግኔትም አይስበውም። ጠርዙ ላይ የላቲን ጽሑፍ አለው፤ በሐሰተኛው ላይ ጽሑፉ ደብዝዞ ወይም ጭራሹኑ ጠፍቶ ሊገኝ ይችላል። ገዢ ከመክፈሉ በፊት የጠርዙንና ሚዛን ላይ የተቀመጠውን ብር ፎቶ ይጠይቅ። ሻጩ ከገበያው መክፈያ ውጭ ገንዘብ በቀጥታ እንዲላክለት ከወተወተ ግዢውን መተው ይሻላል።