ቱመር ቦርድ እና የቡሌ መንገድ

በጌዴኦ ዞን፣ ቡሌ የሚኖሩ አንድ አባወራ እንውሰድ። ሽንት ካስቸገራቸው ከርሟል፤ የወገባቸውን ሕመም ግን የሥራ ነው ብለው ችላ ብለውታል። ዲላ ወርደው ሲመረመሩ በደማቸው ውስጥ ያለው ፒኤስኤ የተባለው የፕሮስቴት ፕሮቲን ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ናሙናው የፕሮስቴት ካንሰር መሆኑን ያረጋግጣል፤ ፎቶው ደግሞ አጥንት ላይ መድረሱን ያሳያል። አሁን ምን ይደረግ? ይህን አንድ ሐኪም ብቻውን ባይወስን ይሻላል።

ለዚህ የሚሰበሰበው ጉባኤ ቱመር ቦርድ ይባላል። የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሐኪሙ፣ የካንሰርና የጨረር ሐኪሞቹ፣ ናሙናውን ያየው ፓቶሎጂስት እና ፎቶውን ያነበበው ራዲዮሎጂስት አንድ ላይ ይቀመጣሉ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣችው የካንሰር አገልግሎት ሪፖርት አሠራሩን አጠናክራለች፤ እኛም ዘንድ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እንዲህ ያለ ጉባኤ አለ። ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ አይገኙም፤ የሚቀርበው ካርዳቸውና ፎቷቸው ነው።

የመጀመሪያው ውሳኔ ካንሰሩ የሚመገበውን የወንድ ሆርሞን ማስቆም ነው። ቻርለስ ሀጊንስ ይህን እ.ኤ.አ. በ1941 አሳይቶ በ1966 ኖቤል ተሸልሟል። ዋናዎቹ ማስቆሚያዎች ሁለት ናቸው፦ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ የሚወሰድ መርፌ፣ አለዚያም የዘር ፍሬን በቀዶ ሕክምና ማውጣት። ሁለተኛው አንዴ ተሠርቶ ያበቃል፤ ዋጋውም ይቀላል፤ ነገር ግን አይመለስም። ለአንድ አባወራ ቀላል ነገር አይደለምና ከባለቤታቸው ጋር ሳይመክሩ «እሺ» ቢሉ እንኳ ፈጥኖ መቀበል ደግ አይመስለኝም።

ክርክሩ የሚጦፈው ከዚያ በኋላ ነው። ዶሴታክሴል የተባለው ኬሞ በየሦስት ሳምንቱ፣ ስድስት ዙር ይጨመር? እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ የ790 ወንዶች ጥናት፣ ሆርሞን ማስቆሚያ ብቻ የወሰዱት የኖሩበት መካከለኛ ጊዜ (ሚዲያን) 44 ወር ሲሆን ኬሞ የተጨመረላቸው ደግሞ 57.6 ወር ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ትርፍ ነው! ይሁንና ኬሞ የነጭ ደም ሴልን ያወርዳል። ያን ጊዜ ትኩሳት ከመጣ ነገ ተነገ ወዲያ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መግባት ያስፈልጋል። በክረምት፣ በሌሊት፣ መኪና በማይገኝበት ከቡሌ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ፎቶው አይናገርም። ስለዚህ ጉባኤው ላይ የታካሚውን ሰፈር የሚያውቅ ነርስ ቢቀመጥ የአንድ ስፔሻሊስት ያህል ይጠቅማል ባይ ነኝ። በኬሞው ፋንታ አቢራቴሮን የተባለው እንክብል ለእንዲህ ያለው ሰው ሊመች ይችል ነበር፤ ሆኖም በየቀኑ ሳይቋረጥ መገኘት አለበት፤ የደም ግፊትን፣ ፖታሲየምንና ጉበትንም መከታተል ይጠይቃል።

የአጥንት ሕመም ላይ ግን ለሩቅ ሰው የሚበጅ መልስ አለ። ባልተወሳሰበ የአጥንት ሕመም፣ 8 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ጨረር በአንድ ቀን ተሰጥቶ ቢያበቃ ከአሥር ቀን ሕክምና ጋር ተቀራራቢ ማስታገሻ ይሆናል፤ በኋላ መድገም የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ብቻ በዛ ይላሉ። እግር መስነፍ ከጀመረ ወይም ሽንት ድንገት ከተዘጋ ግን ዕጢው ኅብለ ሰረሰርን እየተጫነ ሊሆን ስለሚችል የጉባኤው ቀን አይጠበቅም፤ ያኔ የሚጠራው አምቡላንስ ነው። ይህን ቤተሰቡ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ በካርዱ ላይም፣ ቤተሰቡ በሚያነበው ቋንቋ፣ ከሚደወልበት ስልክ ጋር ሊጻፍ ይገባል።