ፋይል መገልበጥ ብቻውን ፍላሽን ቡት አያደርግም

የዊንዶውስ ሰቨንን ፋይሎች አንድ ሳይቀር ፍላሽ ላይ ኮፒ አድርጋችሁ የድሮውን ላፕቶፕ ብታበሩት ንቅንቅ አይልም። ብዙ ሰው ይሄኔ ፍላሹ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። አልተበላሸም! የጎደለችው ነገር በጣም ትንሽ ናት፤ እኔን ሁሌም የምትገርመኝም እሷ ናት።

ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ባዮስ ፋይልና ፎልደር የሚባል ነገር አያውቅም። የፍላሹን የመጀመሪያ 512 ባይት ብቻ አንብቦ ሜሞሪ ላይ ያስቀምጣል፣ ሥራውንም እዚያ ላለው ኮድ ያስረክባል። ያ ኮድ «አክቲቭ» የሚል ምልክት ያለበትን ፓርቲሽን ይፈልጋል፤ የፓርቲሽኑ ኮድ ደግሞ የዊንዶውስን አስነሺ ይጠራል። ዱላ ቅብብል በሉት። አንዱ ከጎደለ ሩጫው እዚያው ይቆማል፤ ኮፒና ፔስት ደግሞ ከእነዚህ ኮዶች አንዱንም አይጽፍም።

በእጅ ለመሥራት ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ክፈቱና ዲስክፓርት ብላችሁ ግቡ። ዲስኮቹን ዘርዝሩ፤ ፍላሻችሁን በመጠኑ ለዩት። እዚህ ላይ እባካችሁ ቀስ በሉ፤ «ክሊን» የሚለው ትእዛዝ የተመረጠውን ዲስክ ጠራርጎ ስለሚያጠፋ የቤተሰብ ፎቶ ያለበትን ሃርድ ዲስክ እንዳትመርጡ። ከዚያ ፍላሹን መርጣችሁ «ክሊን» በሉት፣ ፕራይመሪ ፓርቲሽን ፍጠሩ፣ አክቲቭ አድርጉት፣ ፎርማት አድርጉት። ቀጥሎ ከዊንዶውሱ ዲስክ «ቡት» ፎልደር ውስጥ ያለውን ቡትሴክት በፍላሹ ላይ አስኪዱ፤ የማስነሻውን ኮድ የሚጽፈው እሱ ነው። ፋይሎቹ ኮፒ የሚደረጉት አሁን ነው። ይህን ሁሉ ሩፎስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በአንድ ጠቅታ ይሠራዋል፤ ለድሮ ማሽን ኤምቢአርና ባዮስ የሚለውን ምረጡ። ለዕለት ሥራ እኔም የምመክረው ሩፎስን ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። ዊንዶውስ ሰቨን በጥቅምት 2009 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የዩኤስቢ 3 ድራይቨር አልያዘም። ስለዚህ ፍላሹን ሰማያዊው ቀዳዳ ላይ ብትሰኩት ጭነቱ ይጀምርና መሃል ላይ የሲዲ ድራይቨር አምጡ ይላችኋል፤ ማውሱም ሊደርቅ ይችላል። ሁለቱንም ነቅላችሁ ጥቁሩ ቀዳዳ ላይ ሰኩና እንደገና ጀምሩ።

ማይክሮሶፍት ለሰቨን ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ በጥር 14 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. አቁሟል። ለድሮ ፕሪንተር ወይም ለቆየ ፕሮግራም ጫኑት፤ የባንክ ሂሳባችሁን ግን በእሱ አትክፈቱ።