አየሩ ሞቅ ብሏል፣ ውኃው ግን ይገድላል፦ በመፀው በትንሽ ጀልባ ዓሣ ከማጥመዳችሁ በፊት

ኖቬምበር ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት። ዲሲ አካባቢ ፀሐይዋ ደምቃለች፣ ሹራብ ብቻ ይበቃል። ጓደኛችሁ ደውሎ «ትንሽ ጀልባ ተከራይቻለሁ፣ ቼሳፒክ ሄደን ዓሣ እናጥምድ» አላችሁ። ትሄዳላችሁ?

እኛ «ሂዱ» ነው የምንለው። ግን መጀመሪያ ይቺን አንብቡ።

ለምን በመፀው?

እኛ ሀገር ዓሣ ሲባል ትዝ የሚለን ጣና፣ ዝዋይ፣ ሐዋሳ ነው። ቼሳፒክ ሌላ ነገር ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ውስጥ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ የተዘረጋ፣ የወንዝ ውኃና የአትላንቲክ ጨዋማ ውኃ የሚቀላቀሉበት ባሕረ ሰላጤ ነው።

ሁሉም የሚፈልገው ዓሣ ስትራይፕድ ባስ ይባላል፤ ሜሪላንድ ውስጥ «ሮክፊሽ» ነው የሚሉት። ጎኑ ላይ ከራሱ እስከ ጅራቱ የተሰመሩ ጥቁር መስመሮች አሉት። በሰመር ውኃው ሲሞቅ ይደክማል። ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ ውኃው ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 13 እየወረደ ሲመጣ ግን ይነቃል። በዚያው ሰሞን ሜንሃደን የሚባሉት ትናንሽ ዓሦች በመንጋ ሆነው ወደ ውቅያኖሱ መውረድ ይጀምራሉ። ሮክፊሹ ደግሞ ለክረምቱ ስብ ማጠራቀም አለበት። የተራበ ዓሣና የሚበላ መንጋ ባንድ ጊዜ ይገናኛሉ ማለት ነው።

ይሄን በዓይናችሁ የምታዩት በወፎቹ ነው። ወፎች ተሰብስበው እየጮኹ ውኃው ላይ ሲወርዱ ካያችሁ ከሥር ድግስ አለ። ታዲያ ሞተራችሁን እያስጮኻችሁ መሐል አትግቡ፤ ዓሣው ይበተናል፣ ሌሎቹ አጥማጆችም ይቆጧችኋል። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ራቅ ብላችሁ ሞተሩን አጥፉና ነፋሱ ቀስ እያለ ወደዚያ ይውሰዳችሁ። ከዳር ሆናችሁ ወርውሩ።

ጥልቀት የለውም፣ ግን አትናቁት

ቼሳፒክ አማካይ ጥልቀቱ 6 ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። «እንግዲያማ ምን ያስፈራል?» ትሉ ይሆናል። አስፈሪው እሱ ራሱ ነው። ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭር፣ ቀጥ ያለና የተቀራረበ ይሆናል። ትንሽ ጀልባ ከአንዱ ሳትወጣ ሌላው ይመታታል። ነፋሱ ከውኃው ፍሰት በተቃራኒ ከነፈሰ ደግሞ ይብሳል።

በመፀው ጠዋት ጸጥ ያለ ውኃ ከሰዓት በኋላ ቀዝቃዛ አየር ሲገባበት ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ ያለችው የፀሐይ ምልክት አትበቃም። የአሜሪካ የአየር ትንበያ አገልግሎት ለባሕር ብቻ የሚያወጣውን ትንበያ እዩ። ለትናንሽ ጀልባዎች ማስጠንቀቂያ ከወጣ ጉዞው ቀረ። ዓሣው ሌላ ቀንም አለ።

ዋናው ነገር፦ ቅዝቃዜው

ብዙ ሰው «እኔ ዋና እችላለሁ» ይላል። ከ15 ዲግሪ በታች የሆነ ውኃ ውስጥ ድንገት ስትወድቁ ግን መጀመሪያ የምትታገሉት ከትንፋሻችሁ ጋር ነው። ሰውነት ሳይታዘዝ አየር ይስባል። አፋችሁ ውኃ ውስጥ ከነበረ ውኃ ትስባላችሁ።

ባለሙያዎች 1፣ 10፣ 1 የሚሉት ነገር አለ። ትንፋሻችሁን ለማረጋጋት 1 ደቂቃ፣ እጅና እግራችሁ በደንብ የሚታዘዝባቸው 10 ደቂቃዎች፣ ራሳችሁን እስክትስቱ ደግሞ 1 ሰዓት ገደማ። ቁጥሮቹ እንደ ውኃው ቅዝቃዜና እንደ ሰውየው ይለያያሉ። ያቺን 1 ሰዓት የምታገኙት ግን ላይፍ ጃኬት ከለበሳችሁ ነው፤ ካለበለዚያ እጃችሁ ሲደነዝዝ ትሰምጣላችሁ።

የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ የ2023 መረጃም ይሄንኑ ነው የሚለው። በመዝናኛ ጀልባ አደጋ ከሞቱት ውስጥ 75 በመቶው የሞቱት ሰምጠው ነው። ከሰመጡት ውስጥ ደግሞ 87 በመቶው ላይፍ ጃኬት አልለበሱም ነበር። ጃኬቱ ወንበር ሥር ተቀምጦ ማንንም አያድንም።

ስለዚህ፦

• ላይፍ ጃኬቱን ገና ወደቡ ላይ ልበሱ፣ ቁልፉንም ዝጉ።
• የሞተር ማጥፊያውን ገመድ ነጂው ራሱ ላይ ይሰር። ነጂው ከወደቀ ሞተሩ ይጠፋል፤ ጀልባዋ ጥላው አትሄድም፣ ዞራም አትመታውም። ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ከ26 ጫማ በታች ለሆኑ ጀልባዎች የፌዴራል ሕግ ነው።
• ዓሣ ሲያዝ ሁላችሁም ለማየት ወደ አንድ ጎን አትሩጡ፤ ጀልባዋ ትገለበጣለች።
• መልሕቅ ከኋላ በሞተሩ በኩል አትጣሉ፤ ማዕበሉ ከኋላ ይገባል።
• ስልክ ኔትወርክ ሊያጣ ይችላል። የባሕር ሬዲዮ ያዙ፤ የአደጋ ጥሪ በቻናል 16 ነው።
• የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ መሬት ላይ ላለ ሰው ንገሩ።

የያዛችሁትን ሁሉ ቤት አትውሰዱ

መጀመሪያ የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከዚያ ልኬት አለ። በ2024 በወጣው ደንብ ቼሳፒክ ውስጥ አንድ ሰው በቀን አንድ ሮክፊሽ ብቻ ነው የሚወስደው፤ እሱም ከ19 እስከ 24 ኢንች (ከ48 እስከ 61 ሴንቲ ሜትር) መሆን አለበት። ደንቡም የሚከፈትበት ቀንም ስለሚቀያየር በወጣችሁ ቁጥር የግዛቱን ድረ ገጽ እዩ።

«ትልቁን ለምን እለቃለሁ?» ካላችሁ፣ ትልቋ ብዙ እንቁላል የምትጥለው እናት ስለሆነች ነው። ሜሪላንድ ከ1954 ጀምሮ በየዓመቱ የተፈለፈሉ ጫጩት ዓሦችን በመረብ ትቆጥራለች። የረጅም ጊዜ አማካዩ 11 ገደማ ነው፤ በ2023 ግን 1.0 ብቻ ተገኘ፣ በ2024 ደግሞ 2.0። ዓሣው ከዚህ በፊትም ተመናምኖ ሜሪላንድ ከ1985 እስከ 1990 ማጥመዱን ጭራሽ ዘግታው ነበር። ዛሬ የምንለቃት አንዲት ዓሣ ያ ቀን እንዳይመለስ የምታግዝ ናት።

ስትለቁም በወጉ ይሁን። እጃችሁን አርጥቡ፣ በስንጥቡ አታንጠልጥሉት፣ ፎቶው ቶሎ ይለቅ። በምግብ ስታጠምዱ ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረውን ክብ መንጠቆ ተጠቀሙ፤ ከንፈሩን እንጂ ሆዱን አይዝም። ግዴታም ነው።

በቃ። ለዚያ ጀልባ ለተከራየው ጓደኛችሁ ይሄን ላኩለት። እናንተም ላይፍ ጃኬታችሁን ለብሳችሁ ውጡ፣ በሰላም ተመለሱ፣ የዓሣውንም ፎቶ ላኩልን።