ምስክሩ የት ይግባ?

ከአሰላ ወደ አዳማ በሚወርደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጡት እናት የፍርድ ቤት ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው ነጠላቸው ሥር ይዘዋል። ኢተያን አልፈን ስንወርድ ሾፌሩ በከተማው ስለሚወራ አንድ የነፍስ ግድያ ክስ አነሳ፤ ተከሳሹ ፎቅና ከባድ መኪና ያለው ቤተሰብ ልጅ ነው። «ገንዘቡ ያወጣዋል» አለ ከኋላ አንዱ፤ ሁሉም ተስማማ። እናትየው ብቻ ዝም አሉ። ቆይቼ ቀስ ብዬ ብጠይቃቸው እሳቸውም ከእንዲያ ዓይነት ቤተሰብ ጋር ጉዳይ ነበራቸው። «ተፈርዶበታል እኮ፣ ልጄ» አሉኝ። «የገደለው ታስሯል። የኔ ልጅ ግን ያየውን ስለመሰከረ አገር ለቅቆ ሄደ። ያኛው ሲፈታ ቤቱ ይገባል። የኔው የት ይግባ?»

ጥያቄያቸው ከልቤ አልወጣ አለ። በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔ ጉልበተኛ ቤተሰብ ያለበት የግድያ ክስ በተሰማ ቁጥር የሕዝቡ ዓይን የሚያርፈው ዳኛው ላይ ነው። «በላ» ይባላል፤ ወሬው በዚያው ያልቃል። የሚበላ ዳኛ የለም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ጉዳዩን በቅርብ የሚያውቁ ሰዎችን ሳነጋግር ትልቁ ገበያ ያለው ከችሎት ውጭ መሆኑን ተረዳሁ።

ይህን ከሁሉ አጥርተው የነገሩኝ አዳማ ውስጥ ከፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው በኦሮምኛም በአማርኛም ማመልከቻ የሚጽፉ አዛውንት ናቸው። ስማቸውን እንዳልጠቅስ ለምነውኛል። «ሀብታም ዳኛ ምን ሊያደርግለት ይገዛል?» አሉኝ። «ቀጠሮ ነው የሚገዛው። ጠበቃው ታመመ፣ ሰነድ ጎደለ፣ መዝገቡ ይቀጠር። ከገጠር የመጣ ምስክር ሦስቴ ተመላልሶ ሳይሰማ ከሄደ አራተኛ አይመጣም። የመሳፈሪያው ብር ያልቅበታል፤ ሚስቱም አትሄድም ትለዋለች።» ጋሼ፣ ቢመጣስ አልኳቸው። «ቢመጣማ ሻይ የሚጋብዘው አያጣም። ማንም አያስፈራራውም። ‹የእገሌ ልጅ አይደለህ? አባትህን እናውቃቸዋለን› ይሉታል። በቃ።»

በፍርድ ቤት ኮሪደር ዘመድ ለዘመድ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አንቀጹ ስንት ነው?» ብሎ ነው። የዋዛ ጥያቄ አይደለም። በ1996 ዓ.ም በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 539 ከባድ የሰው ግድያ ነው፤ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት። 540 ተራ ግድያ ሲሆን ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስፈርዳል። 541 ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ነው። 543፣ በቸልተኝነት መግደል፣ ዝቅተኛ መልኩ በ6 ወር ሊያልቅ ይችላል። ሟቹ በአራቱም አንቀጽ ያው አንድ ሰው ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ የምስክር አንደበት ነው፤ «አድብቶ ጠበቀው» ብሎ የሚናገር አንድ ሰው ከጠፋ 539 ወደ 540 ይንሸራተታል። የአንድን ምስክር ዝምታ የገዛ ሰው የገዛው ዓመታትን ነው።

ታዲያ የምስክሩ ዝምታ በእነዚህ ከተሞች እንዴት ይገዛል? እዚህ ላይ የኦሮሞን የደም ካሳና የእርቅ ሥርዓት፣ ጉማን፣ ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። አንባቢ ቃሉን ያውቀዋል፤ ሚሼል ፓፓታኪስ በ1960ዎቹ ፊልም አድርጎታል፣ የአገራችን የፊልም ሽልማትም በዚያ ፊልም ስም ይጠራል። ከ1923ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በፊት በደጋውም አገር ነፍሰ ገዳይ ተፈርዶበት ለሟች ዘመዶች ይሰጥ ነበር፤ ደሙን ይመልሳሉ፣ ወይም ካሳ ተቀብለው ይምራሉ። የአርሲ ኦሮሞ ጉማ ግን ከካሳ በላይ ነው። የገዳይ ወገን ከሰፈር ይርቃል፤ ሽማግሌ ይልካል፤ እርጥብ ሣር ይዞ ይለምናል። ጠብ ከተነሳ ሲንቄ የሚባለውን በትር የያዙ ባለትዳር ሴቶች፣ ሐደ ሲንቄዎች፣ መሐል ገብተው ይቆማሉ፤ እነሱን አልፎ የሚማታ ወንድ ነውረኛ ነው። ከብቱ የሚዋጣው ከጎሳው ሁሉ ነው። አንዱ ጊደር፣ አንዱ ወይፈን ያመጣል፤ ያላጠፋውም ይከፍላል። የዚህ ሥርዓት ጥበቡ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ግድያ የጎረቤትን በረት ስለሚያራቁት አጎትም የአጎት ልጅም ቁጡውን ጎረምሳ ቀድመው ይይዙታል። ደም ሲደርቅም ያየሁት በዚህ ሥርዓት ነው፤ በእስር ቤት ብቻ የደረቀ ደም አላውቅም።

ሀብታሙ ቤተሰብ ይህን ሥርዓት የሚሰብረው ጉማ ባለመክፈል አይደለም፤ ብቻውን በመክፈል ነው። አባት ባንክ ሄዶ ያወጣል፤ ከዘመድ በረት አንዲት ጊደር አትነካም፤ ጎረምሳውን የሚቆጣ አጎት የለም። የሟች እናት ገንዘቡን የምትቀበለው ሌሎች ልጆችም ስላሏት ነው። እርቁ ፍርድ ቤት ሲደርስም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 የተጸጸተና ጉዳቱን የካሰ ጥፋተኛ ቅጣት እንዲቀልለት ይፈቅዳል። ሕጉ ክፉ አይደለም፤ ባለ አንድ በሬው ሲጠቀምበት ትክክል ነው። እርቁ ውስጥ የሌለው ሰው ምስክሩ ነው። ሁለቱ ወገኖች ሲታረቁ ለሁለቱም ባዕድ ሆኖ ይቀራል፤ ይህን የሚያውቅ ምስክር አስቀድሞ ዝም ይላል።

በፍርድ ቤት አሸንፎ በአገር መሸነፍን አበራሽ በቀለ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲ ውስጥ ቀርሳ በፈረሰኞች የተጠለፈችው የ14 ዓመቷ ተማሪ ጠላፊዋን በክላሽ ተኩሳ ገድላለች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና መዓዛ አሸናፊ ቆሙላት። ሁለት ዓመት በፈጀ ክርክር ራሷን መከላከሏ ተረጋግጦ በነፃ ተሰናበተች። በሽማግሌዎች ዘንድ ግን ነፃ አልወጣችም፤ ከመንደሯ እንድትርቅ ተወሰነባት። ያኔ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም ሕግ ጠላፊ ያገባ እንደሆነ ከክስ ያስመልጠው ነበር፤ የ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግ ይህን ቀዳዳ ደፈነ። የቆሙላት መዓዛ በ2011 ዓ.ም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ታሪኳ «ድፍረት» በሚል ፊልም ዓለምን ዞረ፤ ነሐሴ 2006 ዓ.ም አዲስ አበባ ሊታይ ሲል ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ አበራሽ ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተሠራ ስትል አቤት ብላ ነበር። ሕግ ተሻሻለባት፣ ፊልም ተሠራባት፤ ወደ መንደሯ የመመለሷ ነገር ግን የማንም ጉዳይ አልሆነም።

ለምስክር የወጣ ሕግ አለን። አዋጅ ቁጥር 699/2003 ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል የሚመሰክር ሰው ጥበቃ እንዲያገኝ፣ መኖሪያውንም እንዲቀይር ይፈቅዳል። አዋጁ ስሙ ጎልቶ የተሰማው ግን በፖለቲካ ክሶች፣ ማንነቱ በተሸሸገ ምስክር ነው። በእነዚህ ከተሞች በተራ የግድያ ክስ የመሰከረ ገበሬ ተጠቅሞበት እንደሆነ አንድ ኃላፊ ጠየቅኳቸው። ደብዳቤ አምጣ አሉኝ፤ አመጣሁ። ከዚያ በኋላ ስልካቸው አልተነሳም።

እ.ኤ.አ. በ2021 የኦሮሚያ ክልል በአዋጅ ቁጥር 240 ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች እውቅና ሰጥቷል። የምስክሩ መግቢያ ያ ነው ብዬ አምናለሁ። የማመልከቻ ጸሐፊው አዛውንት የእርቅ ውል ሲያረቅቁ ከካሳው በታች «የመሰከሩትም አይነኩም፤ ቢነኩ እርቁ ፈርሷል» የምትል መስመር ይጨምራሉ። «ድሃው ሳያነብ ይፈርማል» አሉኝ። «ሀብታሙ ግን በጠበቃ ያስነብባትና ትሰረዝ ይላል። እሰርዛለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ውሉ የእነሱ ነው።» ያቺ መስመር በተዋዋዮች ፈቃድ የምትሰረዝ መሆን የለባትም። የባህል ፍርድ ቤቶቹ በነፍስ ጉዳይ የሚደረግን ማንኛውንም እርቅ ያለ እሷ እንዳይቀበሉ ይከልከሉ፤ አባ ገዳዎችና ሐደ ሲንቄዎችም የሟችን ቤተሰብ እንደሚጠሩ ሁሉ ምስክሩን በስሙ ጠርተው ወደ ቤቱ ይመልሱት።