ሉፐስ፣ ፕሬድኒሶሎንና የአጥንት ጉዳይ

«ይሄ ኪኒን አጥንት ይበላል» የሚለው ወሬ ሉፐስ ያለባትን ሴት ብዙ ጊዜ ከሐኪሟ ቀድሞ ያገኛታል። ወሬው ሐሰት አይደለም። ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ግን ይህን ሰምታ ፕሬድኒሶሎኑን በራሷ ያቋረጠች ዕለት ነው። መድኃኒቱ ለወራት ሲወሰድ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የራሳቸውን ኮርቲሶል ማምረት ይተዋሉ። በድንገት ሲቆም የደም ግፊት ወርዶ ሕይወት እስከ ማለፍ ሊደርስ ይችላል፤ ሉፐሱም አገርሽቶ ኩላሊትን ሊመታ ይችላል።

ሉፐስ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም በወሊድ ዕድሜ ላይ ያሉ። ፕሬድኒሶሎን የሚመደብበት የስቴሮይድ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካው ሜዮ ክሊኒክ በመገጣጠሚያ ሕመምተኞች ላይ ሲጀመር ውጤቱ እንደ ተአምር ታይቶ ነበር። ዋጋው ቆይቶ መጣ። ስቴሮይድ አጥንት የሚገነቡትን ሕዋሳት ያዳክማል፣ አንጀት ካልሲየም እንዳይወስድ ያደርጋል፣ በሽንት የሚወጣውንም ይጨምራል። የአጥንቱ መሳሳት የሚፈጥነው ገና በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ነው። «ትንሽ ልሞክረውና አጥንቴን በኋላ አስባለሁ» የማያስኬደው ለዚህ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በኪኒኑ ላይ መጫን ግን ትክክል አይደለም። በሽታው የሚፈጥረው ብግነት ራሱ አጥንትን ይጎዳል። ፀሐይ ደግሞ ሉፐስን ስለሚቀሰቅስ ታማሚዋ እንድትሸሸው ትመከራለች፤ ቫይታሚን ዲ በዋናነት የሚገኘው ከዚያው ከፀሐይ ነው። በቡታጅራና በዝዋይ መካከል ባለችው የማረቆዋ ቆሼ ይህ ምክር ቀላል አይደለም። የማረቆ በርበሬ ለቀማውም ማስጣቱም ፀሐይ ላይ የሚዋልበት ሥራ ነው። ከፀሐይ የራቀች ሴት የሥራዋ ነገር ከቤተሰብ ጋር ሊመከርበት፣ ቫይታሚኑም በኪኒን ሊተካላት ይገባል።

ውሃውም መታየት አለበት። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ይበልጣል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት እና ባልደረቦቻቸው የፍሎራይዱን ሥርጭት ያሳዩበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1987 ታትሟል። በወንጂ እንዲህ ያለውን ውሃ ለዓመታት ከጠጡ ሠራተኞች መካከል ጀርባቸው ግትር ብሎ የቀሩ ነበሩ። ፍሎራይድ የበዛበት አጥንት በመሣሪያ ሲለካ ጥቅጥቅ ብሎ ይታያል እንጂ ጥንካሬ የለውም። ስለዚህ በስምጥ ሸለቆ ያደገች ታማሚ የአጥንት ምርመራዋ ደህና ቢመጣም የምትጠጣውን ውሃ ለሐኪሟ መንገር አለባት።

በጣም የሚያሳስበኝ የጀርባ አጥንት ነው። 20 ሊትር ጀሪካን ስታነሳ ወገቧን ቆረጥ ያደረጋት ሴት «ወለም ብሎኝ ነው» ብላ ወደ ወጌሻ ትሄዳለች። ሳትወድቅ አጥንቷ ሊሰበር እንደሚችል የነገራት የለም። የሳሳ አጥንት በተሰበረበት ጀርባ ላይ ማሸትና መጫን ጉዳቱን ያብሳል። ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ድንገተኛ የጀርባ ሕመም ከመጣበት መጀመሪያ ራጅ ይነሳ። ብሽሽት አካባቢ የማይለቅ ሕመምም ቸል አይባልም፤ ስቴሮይድ የጭን አጥንት ራስ ደም አጥቶ እንዲሞት ሊያደርግ ይችላል።

መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ሉፐሱ ሲረጋ ፕሬድኒሶሎን በሐኪም ክትትል ቀስ እየተባለ በቀን ወደ 5 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በታች እንዲወርድ ይመክራሉ። ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለው የሉፐስ መድኃኒት ለዚህ ያግዛል። በቀን 1,000 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም ያስፈልጋል፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ያህሉን ይሰጣል፣ ጎመን፣ ጤፍና ቆጮም ይጨምራሉ። ክትፎ ግን ይብሰል፤ የሰውነት መከላከያው በመድኃኒት ለተዳከመ ሰው ጥሬ ሥጋ አይመከርም። አሌንድሮኔት የተባለው የአጥንት መድኃኒት የታዘዘላት ሴት በሳምንት አንድ ቀን፣ በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ትዋጠውና ለግማሽ ሰዓት አትተኛ፣ ምንም አትብላ። ልጅ ለመውለድ የምታስብ ወይም ኩላሊቷ የተጎዳ ግን ከመጀመሯ በፊት ለሐኪሟ ትንገር።

ፕሬድኒሶሎን ከ3 ወር በላይ እንደምትወስዱ ከተነገራችሁ ማዘዣውን ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት «ለአጥንቴስ ምን ታዘዘልኝ?» ብላችሁ ጠይቁ።