ከቦሌ ዋሽንግተን፦ መሄጃው ከመመለሻው ለምን ይረዝማል?

ከአዲስ አበባ ቦሌ እስከ ዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ርቀት 11,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲሄዱም ሲመለሱም ያው። ሰዓቱ ግን ይለያያል። ከዳለስ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ሲገባ፣ ከቦሌ የሚነሳው መሀል ላይ አርፎ ነዳጅ ስለሚቀዳ ጉዞው ከ16 ሰዓት ያልፋል። ልጅ ታቅፋ ለምትጓዝ እናት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ብዙ ሰው ምክንያቱ ነፋስ ነው ይላል። እውነት አለው፤ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚገሰግሰው የከፍታ ነፋስ በአውሮፓና በአሜሪካ የብርድ ወራት በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ እየነፈሰ ሂያጁን ይገታል፣ መጪውን ይገፋል። ዋናው ምክንያት ግን አውሮፕላኑ ገና መሬት ላይ ሳለ የሚገጥመው የቦሌ ከፍታ ነው።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ላይ ሲገኝ፣ ዳለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በቦሌ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በሳሳ አየር ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ክንፉም ያንኑ ክብደት እንዲያነሳ አውሮፕላኑ በበለጠ ፍጥነት መንደርደር አለበት። ሙቀት ሲጨመርበት አየሩ ይብስ ይሳሳል፤ የሌሊት መነሻ የሚጠቅመው አንድም ለዚህ ነው። እንግዲህ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ስለሚያቅተው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ሰውና ሻንጣ መቀነስ፣ ወይም ነዳጅ ቀንሶ ተነስቶ መንገድ ላይ መሙላት።

ማኮብኮቢያውን ማርዘም አይበቃም ወይ ለሚል፣ የቦሌው ረጅም ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ነው፤ ከዳለሱ ረጅም በ300 ሜትር ይበልጣል። ያም ሆኖ ጎማው የሚችለው ፍጥነት ልክ አለው፤ አንድ ሞተር ቢጠፋ በቀሪው መውጣት መቻልም ግዴታ ነው። ድሪምላይነር የሚባለው የረጅም ርቀት አውሮፕላን ከ13,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይበር የለም ወይ የሚለውም ተገቢ ጥያቄ ነው። ይበራል፤ ነገር ግን ያ ቁጥር የተሰላው የሚያስፈልገውን ነዳጅ ሁሉ ይዞ መነሳት ለቻለ አውሮፕላን ነው። ማረፉ ተሳፋሪ ለመጨመር ነው የሚሉም አሉ። አንዳንዴ ይህም ጥቅም ይገኝበታል። ዓላማው ያ ብቻ ቢሆን ግን በመመለሻውም ባረፈ ነበር።

ማረፊያው መንገዱን ብዙም አያጠማዝዘውም። ለዓመታት ነዳጅ ሲቀዳበት በነበረው ደብሊን በኩል ቢኬድ ድምሩ 11,800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከቀጥታው የሚበልጠው በ250 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ፣ ይህም የሃያ ደቂቃ በረራ ነው። ጊዜውን የሚበላው መውረዱ፣ ነዳጅ መቅዳቱና እንደገና መነሳቱ ነው።

ስለዚህ ቢሾፍቱ አካባቢ የታቀደውን አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ በስፋቱና በሚያስተናግደው ሕዝብ ብዛት ብቻ መመዘን ያንሰዋል። አካባቢው ከቦሌ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ ይህም ለእያንዳንዱ ረጅም በረራ ተጨማሪ ነዳጅ ወይም ተጨማሪ ጭነት ማለት ነው። ከፍታው አሁንም 1,900 ሜትር አካባቢ በመሆኑና ነፋሱም ስለማይቀየር፣ ሁሉም የአሜሪካ በረራ ሳያርፍ ይሄዳል ብሎ ቃል መግባት ግን አይቻልም።